በቀንዱ የደረቀው ቀይ

ሚኒባሱ ከንፋስ መውጫ ወጥቶ ወደ ታች ጋይንት የሚወስደውን ቁልቁለት ሲጀምር ሃይማኖት ቀንዱን ከጉልበቷ አንሥታ ነጠላዋ ውስጥ አስገባችው። መንገዱ ስምንት ቀን ተዘግቶ የተከፈተው ትናንት ስለነበረ መኪናው የጫነው የሁለት መኪና ሰው ነው። ቀኑ ጥር ሁለት፣ ዓርብ ነው። ገበያተኛው ሁሉ አርብ ገበያ ለመድረስ ቸኩሏል።

"ምንድን ነው እንዲህ የታቀፍሽው፣ እመቤት?" አላት ከፊቷ የተቀመጠ ገበሬ አንገቱን አዙሮ። እግሩ ሥር የታሰሩት ሁለት ዶሮዎች ኮረኮንቹ ባነጠራቸው ቁጥር ይጮኻሉ። "ቀንድ አየሁ ልበል? ጠጅ ከሆነ በቀንድ መያዝ ቀርቷል፤ ዘንድሮ በጀሪካን ነው።"

"ጠጅ ቢሆን ኖሮ ገና መናኸሪያ እኔ እጨርሰው ነበር" አለች ከጎኗ የተቀመጠችው ዓለምጸሐይ።

ሰው ሳቀ። ዓለምጸሐይ የሟቹ የይስሐቅ ታላቅ እህት ናት። ሰውን የምታስቀው ለሳቅ ብላ ብቻ አይደለም። ጥያቄው ሃይማኖት ዘንድ ሳይደርስ መንገድ ላይ ትቀበለዋለች። ሦስት ዓመት ከአምስት ወር እንዲህ ስትቀበልላት ኖራለች። ሃይማኖትም ነጠላዋን እንዳዘቀዘቀች ይኸው ሦስት ዓመት ከአምስት ወሯ ነው።

ቀንዱ የበሬ ቀንድ ነው፤ ርዝመቱ ከስንዝር አይበልጥም። አፉ በሰም በተነከረ ጨርቅ ተወትፏል። ውስጡ የደረቀ ቀይ ቀለም አለ። ይስሐቅ ቁም ጸሐፊ ነበር። ለዋንዛ አምባ ማርያም ተአምረ ማርያምን በብራና ሲጽፍ ሦስት ዓመት ቆይቷል። አጻጻፉ እንዲህ ነበር፤ አንድ ጥራዝ ሙሉውን በጥቁር ይጽፋል፤ የእመቤታችን ስም በሚመጣበት ቦታ ሁሉ ባዶ ይተዋል። ጥራዙ ሲያልቅ አንድ ቀን ይመርጥና ከጠዋት ጀምሮ እህል ሳይቀምስ ባዶዎቹን በቀይ ይሞላል። የመጨረሻዎቹ ሁለት ጥራዞች ጥቁራቸው አልቆ ቀያቸው ሳይገባ ነሐሴ 2013 መጣ። የከባድ መሣሪያ ድምፅ በቀረበ ቀን ይስሐቅ መጽሐፉን በቆዳ ማኅደር ከቶ ከአምባው ሥር ዋሻ ውስጥ አስቀመጠው። መጽሐፉ ከዋሻው ተገኘ። እሱ ግን ከዋሻው ሲመለስ መንገድ ላይ ቀረ።

የቤተ ክርስቲያኑ ሰዎች ቀዩን ይዛ እንድትመጣ ሁለት ጊዜ ልከውባት ነበር። ሁለቱንም ጊዜ አሞኛል አለች። በገና ሳምንት በእግረኛ የመጣው የቄሰ ገበዝ ፈንታው ደብዳቤ ግን መልስ የሚጠብቅ አልነበረም፤ "ስሟ የሌለበት ተአምር ማኅበር ፊት አይነበብም። አንድ ምእመን ከባሕር ዳር በማተሚያ ቤት የታተመ፣ ጠርዙ ወርቅ የተቀባ መጽሐፍ ገዝቶልናል። የብራናው ቀይ ለጥር ሃያ አንድ ካልደረሰ በበዓሉ የሚነበበው የታተመው ነው። ብራናው ዕቃ ቤት ይቀመጣል።"

ዕቃ ቤት የገባ መጽሐፍ እንደማይወጣ ሁለቱም ሴቶች ያውቃሉ።

"የወንድሜን እጅ አይጥ ሊበላው?" ነበር ያለችው ዓለምጸሐይ ደብዳቤውን ሰምታ። በማግስቱ ጫማዋን አስራ መጣች።

አርብ ገበያ ሲወርዱ ፀሐይ ጠንክራለች። በእህል ተራና በአህዮች መካከል አልፈው በርበሬ ተራ ደረሱ። ሃይማኖት ሳታስበው ቆመች። ሁለት ሴቶች ጎን ለጎን በርበሬ ዘርግተዋል። የአንዷ ወደ ብርቱካን ያደላል፣ የሌላዋ ወደ ፍም። ባሕር ዳር ስትማር አንድ የዲዛይን መምህር ደጋግሞ የሚላት ነገር ነበር፤ ቀለምን ከጎረቤቱ ለይታችሁ አትፍረዱበት። ሁለት ቀይ ለየብቻቸው ስታዩዋቸው መንታ ናቸው። ጎን ለጎን ስታስቀምጧቸው ነው ጠባያቸው የሚወጣ። አሁን ለሸማኔዎች የጥለት ንድፍ እየሠራች ስትኖር እንጀራዋ ይኸው ነው፤ ይሄ ክር ከዚያ ክር ጋር ይኖራል ወይስ አይኖርም እያሉ መፍረድ።

"በርበሬ ልትገዢ ነው ልትድሪው?" አለች ዓለምጸሐይ። "ነይ እንጂ፣ ፀሐይ በጣችን።"

ከበርበሬው አጠገብ አንዲት ሴት የስፌት ቀለም ትሸጣለች፤ ለአክርማ መንከሪያ የሚሆን ዱቄት በቁራጭ ወረቀት የተጠቀለለ፣ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ወይን ጠጅ። ሃይማኖት ዓይኗን መለሰች። ከዚያው ዱቄት በሙጫ የበጠበጠችው ትንሽ ጠርሙስ ቦርሳዋ ውስጥ አለ። የቀንዱ አልበቃ ካለ ብላ ነው የሠራችው፤ ቤት ከክር መንከሪያ ከተረፋት ላይ። ክሩ ያወጣውን ቀይ ራሱን እስክታገኝ አንድ ቀን ሙሉ ደክማበታለች፤ ግን አፍራበታለች። ይስሐቅ በቀንዱ ቀለም የጻፈውን በመሶብ ቀለም መጨረስ።

ከገበያው ወጥተው በእግር ሁለት ሰዓት ሄዱ። አውድማው ሁሉ በውቂያ ላይ ነው፤ የገብሱ እብቅ ነፋስ በመጣ ቁጥር ፊታቸው ላይ ይበተናል። ከአምባው ሥር ሲደርሱ መንገዱ ለሁለት ተከፈለ። አንዱ ወደ ዋሻው ይወስዳል። ዓለምጸሐይ ያን ጊዜ ወሬዋን አቁማ ወደ ሌላው ወገን እያየች አለፈች። ሃይማኖትም መሬት መሬቱን እያየች አለፈች።

ስለ ይስሐቅ ስታስብ አንድ ቀን ዘወትር ይመጣባታል። ትልቅ ቀን አይደለም። በተጋቡ በዓመቱ ቅዳሜ ማታ ከዋንዛ አምባ መጣና ሁለት ቁራጭ ብራና ከፊቷ ዘረጋ። በእያንዳንዱ ላይ አንድ አንድ የቀይ መስመር ነበር። እሷ በማግስቱ የምታስረክበው የሙሽራ ጥለት ንድፍ ላይ አቀርቅራለች።

"የትኛው ይሻላል?" አላት።

በእርሳሷ ጫፍ ጠቆመች። "ያኛው።"

"ሳታይው?"

"አየሁት።"

አላየችውም ነበር። እሱም አላየሽም አላለም። ቁራጮቹን ሰብስቦ ራቱን በላ። የትኛውን እንደጠቆመች እስከ ዛሬ አታውቅም። ከዚያ በኋላም ስለ ቀይ አልጠየቃትም። መጽሐፉን ዋንዛ አምባ ተቀምጦ ስለሚጽፈው አንድም ቅጠል ሳታይ ቀረች። እሷ ዘንድ የቀረው ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ቀንድ ነው። ሦስት ዓመት አቧራውን ብቻ ስትጠርግ ኖራለች። ክፈቺው ያሏት ነበሩ። ቀለም ከረጠበ እንደሚጻፍበት፣ ካልተጻፈበት እንደሚበላሽ ታውቅ ነበርና አልከፈተችውም።

ቄሰ ገበዝ ፈንታው በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር በር ቆመው ጠበቋቸው። ቀጭን፣ ንግግራቸው የተለካ ሰው ናቸው። መስቀል አሳለሟቸውና ቀጥታ ወደ ጉዳዩ ገቡ።

"ልጄ፣ እንኳን መጣሽ። ነገሩን አስቀድሜ ልንገርሽ። እኔ የብራናው ጠላት አይደለሁም። ነገር ግን የእመቤታችን ስም ግማሹ አንድ ዓይነት፣ ግማሹ ሌላ ዓይነት ሆኖ እንዲገባ አልፈቅድም። እንደ አሮጌ ልብስ የተጣፈ መጽሐፍ ይሆናል። ሰው ስሟን ሲሳለም እራፊውን እንዲያይ አልሻም። አንድ ቀይ። አንድ ካልሆነ የታተመው አለ።"

"እሺ አባቴ።"

"የሚጽፉት መሪጌታ ናቸው። ቀዩን የምትለዪው ግን አንቺ ነሽ። እሳቸው ዓይናቸው…"

"ዓይኔ ምን ሆነ?" የሚል ድምፅ ከቅጥሩ ዋንዛ ጥላ መጣ። "ጆሮዬ እንደሆነ ደህና ነው፣ ቄሰ ገበዝ!"

መሪጌታ ጥላዬ የይስሐቅ መምህር ናቸው። ከድጓው ጀምሮ እስከ ብራና መፋቁ እሳቸው ናቸው ያስተማሩት። ዛፉ ሥር አጎዛ ላይ ተቀምጠዋል፤ መጽሐፉ አትሮንስ ላይ ከፊታቸው አለ። ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል። ሃይማኖት ጉልበታቸውን ስትስም ራሷን ዳበሱ።

"ጥቁሩን ከነጩ እለያለሁ" አሏት። "መስመሩንም አልስትም፤ እጄ ያውቀዋል። ቀይን ከቀይ ግን መለየት ካቆምሁ ሁለት ክረምት ሆነ። ቀንዱን አምጪው እስቲ።"

ቀንዱን ሰጠቻቸው። ጣታቸው ከጫፉ ጀምሮ ወደ አፉ ሄደ። ከአፉ አጠገብ ያለች የተሸረፈች ቦታ ላይ ሲደርስ ቆመ።

"ይህን ከየት አገኘሽው?"

"ቤት፣ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ።"

መሪጌታ ሌላ ነገር ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱና ተዉት። "መልካም" ብቻ አሉ። "ይህ እንግዲህ ካልተቀሰቀሰ ቀለሙ አይታወቅም። ደረቅ ቀለም የተኛ ሰው ነው፤ ጠባዩን አያሳይም። ከተነሣ ደግሞ መልሶ አይተኛም። በስምንት ቀን ይሸታል። አስበሽበታል?"

ሃይማኖት ቀንዱን ከእጃቸው መልሳ ተቀበለች። ዓለምጸሐይ ጎኗ ቁጭ አለች።

"አስቤበታለሁ" አለች ሃይማኖት።

ውታፉን ራሷ አወጣችው። ሰሙ ተሰነጠቀ። መሪጌታ ከጸበሉ ምንጭ የተቀዳ ውሃ በጠብታ አስገቡና በቀጭን እንጨት ቀስ እያሉ ማማሰል ጀመሩ። መጀመሪያ የሚሰማው የእንጨቱ ፍግፍጋ ብቻ ነበር። ቆይቶ ድምፁ ረጠበ። መሪጌታ እንጨቱን አውጥተው አፍንጫቸው ጋ አስጠጉት።

"ተነሥቷል። ቆጥበን ከተጠቀምንበት ለሁለቱ ጥራዝ ይበቃል።"

ዓለምጸሐይ "እሰይ!" አለች።

በቁራጭ ብራና ላይ አንድ መስመር ተጻፈ። እስኪደርቅ ጠበቁ። ቄሰ ገበዙ ቁራጩን ተቀበሉና "መጽሐፉ የሚነበበው ቅኔ ማኅሌት ውስጥ ነው፤ በጧፍ ነው። እዚያው ይታይ" ብለው መጽሐፉን ተሸክመው ገቡ። ሃይማኖት ተከትላ በሴቶች በር በኩል ገብታ ቆመች። ጧፉ በራ። ቄሰ ገበዙ ይስሐቅ በቀይ ከሞላው ቅጠል ላይ ቁራጩን አስጠጉት።

የባሏን እጅ በዚያ ብርሃን መጀመሪያ አየችው። ፊደሉ ቀጥ ያለ፣ እግሩ ወፈር ያለ፤ መስመሩ ሳይንጋደድ እስከ ታች ይወርዳል። ወደ ቀዩ ለመመለስ ጥቂት ጊዜ ፈጀባት። ቀዩ ከቁራጩ ቀይ ጋር አንድ ነበር።

"አንድ ነው" አሉ ቄሰ ገበዙ። ድምፃቸው ውስጥ እፎይታ ነበር። "እኔ ልዩነት አላይም።"

"እኔም!" አለች ዓለምጸሐይ ከበር። "በሉ ይጻፍ፣ ምን ቀረ?"

ሃይማኖት እሺ ልትል ነበር። ቃሉ ከንፈሯ ላይ ደርሷል። ሦስት ዓመት የጠበቀችው ቀለም በቂ ነው፣ ትክክል ነው፣ መጽሐፉም ሊነበብ ነው። ነገር ግን የጧፍ ብርሃን ራሱ ቢጫ መሆኑን፣ የወደቀበትን ቀይ ሁሉ ወደ ራሱ እንደሚስብ ታውቃለች። ስንቱን ክር በመብራት መርጣ ጠዋት ስታየው ጥላዋለች።

"አንድ ጊዜ ፀሐይ ላይ ልየው" አለች።

"ልጄ፣ የሚነበበው በጧፍ ነው አልሁሽ።"

"አውቃለሁ አባቴ። ምእመኑ ግን በበዓሉ ቀን መጽሐፉ ደጅ ሲወጣ ይሳለመዋል።"

ደጅ አወጡት። ከዋንዛው ጥላ ወጣ ብላ፣ ፀሐዩ በቀጥታ ሳይመታው ብርሃኑ ብቻ የሚደርስበት ቦታ መርጣ ቁራጩን ከቅጠሉ ጋር አጠጋጋችው። መጀመሪያ ከጥቁሩ ቀጥሎ፣ ከዚያ በባዶው ብራና ላይ፣ ከዚያ ስሙን ከስሙ ጋር።

አንድ አልነበሩም።

ልዩነቱ የምላጭ ስለት ያህል ነው። የቀንዱ ቀይ አመድ ሊለብስ እንደጀመረ ፍም ወደ ውስጥ ይሞቃል። የመጽሐፉ ቀይ ከደጋ ፀሐይ እንደዋለ በርበሬ ወደ ውጭ ይወጣል። ሁለቱም ያምራሉ። አንድ ገጽ ላይ ግን አብረው አይኖሩም። ቅጠል ገለጠች፤ ሌላ ቅጠል ገለጠች። ከመጀመሪያው ጥራዝ እስከ መጨረሻው ያው በርበሬ ነው። ይስሐቅ በቀንዱ ቀለም አንድም ስም አልጻፈም።

"ምን ሆንሽ?" አለች ዓለምጸሐይ። "ፊትሽ ምን ሆነ?"

"አይደለም" አለች ሃይማኖት። "የእሱ ቀለም አይደለም።"

ቦርሳዋን ከፍታ ትንሿን ጠርሙስ አወጣች። የበጠበጠችውን ቀይ አጠገቡ ለመሞከር ባዶ ቦታ ፈለገችና የመጽሐፉን የመጨረሻ ቅጠል ገለጠች። ጽሑፍ የሌለበት፣ ጸሐፊ ብርዑን የሚፈትንበት ቅጠል ነው። ባዶ አልነበረም። በአንዱ ማዕዘን ሁለት የቀይ መስመሮች ተሰምረዋል፤ ፍሙና በርበሬው፣ ጎን ለጎን። ከበርበሬው ሥር በጥቁር ቀለም፣ በደቃቅ ፊደል አንድ ነገር ተጽፏል።

"ይህን እርሷ መረጠች።"

ሃይማኖት ቅጠሉን እንደያዘች ቆየች። ከአውድማው የበሬዎችና የሰው ድምፅ ይመጣል። ዓለምጸሐይ በትከሻዋ ላይ አንገቷን አስግጋ አነበበችና ነጠላዋን ወደ አፏ ወሰደች።

"ምን ይላል?" አሉ መሪጌታ።

ዓለምጸሐይ ናት ያነበበችላቸው።

መሪጌታ ጥላዬ ቀንዱን ዳብሰው አነሡ። በሁለት እጃቸውም ያዙት።

"ይህ የእኔ ቀንድ ነው" አሉ። "ጸሐፊ ሆነህልኛል ብዬ በመረቅሁት ቀን የሰጠሁት ነው። ቀለሙን ከእኔ በቀር የሚያውቀው የለም። ለትልቁ መጽሐፍህ ይሁንህ አልሁት። ቅድም ስዳስሰው አውቄዋለሁ። ምናልባት በዚሁ ጽፎ ይሆናል፣ ቀለሜ እመቤታችንን ጠርቶልኝ ይሆናል ብዬ ዝም አልሁ።" ትንሽ ሳቁ፤ ሳቃቸው ደረቅ ነበር። "መስመር ለክቶ ሊያይ ከዚሁ ቀለም ከገንቦዬ ጠብታ ሲወስድ፣ ለምንህ ነው ስለው፣ ሰው ላማክር ነው አለኝ። ሌላ መምህር ያዘ ብዬ ሳምንት አኩርፌው ነበር። ለካ ሚስቱ ኖራለች!"

"መሪጌታ፣ እኔ…" አለች ሃይማኖት። ሳላየው ነው ልትል ነበር።

ጠርሙሷን ከፈተችና ከበርበሬው መስመር ቀጥሎ አንዲት ነጥብ አሳረፈች። ስትደርቅ ሁለቱን መለየት አልተቻለም። ለካ ይስሐቅ ጥቂት ይዞ የሄደው እሷ ክር ልትነክርበት ከገዛችው ዱቄት ኖሯል።

"ይህ ምን ቀለም ነው?" አሉ ቄሰ ገበዙ።

"ዱቄት ነው፤ አርብ ገበያ የሚሸጠው። የስፌት ቀለም።"

"የስፌት!" ቄሰ ገበዙ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሄዱ። "የእመቤታችንን ስም? በመሶብ ቀለም?"

ሃይማኖት ጠርሙሷን ከደነች። የመለሰችው ዓለምጸሐይ ናት።

"አባቴ፣ ይቅር ይበሉኝና፣ ጠዋት ማታ መሶበ ወርቅ እያላችሁ የምትጠሯት ማንን ነው? መሶብ እሷን ለመጥራት ከበቃ የመሶብ ቀለም ስሟን ለመጻፍ ያንሳል? ደግሞስ ሙሉው መጽሐፍ በዚሁ ተጽፎ የለ? ሊፍቁት ነው?"

መሪጌታ አጎዛቸው ላይ ሆነው ጉልበታቸውን መቱ። "ይህችን ቅኔ ቤት ሳናስገባት ቀረን፣ ቄሰ ገበዝ!"

ቄሰ ገበዙ አልሳቁም። መጽሐፉን አዩ፤ ረጅም ጊዜ አዩት። "በስሟ የገባ ቀይ አይፋቅም" አሉ በመጨረሻ። "እሺ። አንድ ቀይ ነው ያልሁት፤ አንድ ነው። ያ የተቀሰቀሰውስ?"

ሁሉም ቀንዱን አዩ። ለሁለት ጥራዝ የሚበቃ፣ ተመልሶ የማይተኛ ቀለም። ሃይማኖት ሦስት ዓመት የጠበቀችው የባሏን እጅ አልነበረም። እጁ ያልነካውን ነው የጠበቀችው። እጁ የነካውን ደግሞ በየሳምንቱ ክር ስትነክርበት፣ እጇን በሳሙና ስታጥበው ነው የኖረችው። ይህን አሰበችና ማሰቡን አቆመች። ሥራ ነበር የቀረው።

መጨረሻው ጥራዝ ላይ ጸሐፊው አስቡኝ ብሎ የሚለምንበት ቦታ አለ። ይስሐቅ የራሱንም ስም ባዶ ትቶታል።

"እዚህ ይግባ" አለች። "የእሱ ስም በእርስዎ ቀለም፣ በእርስዎ እጅ።"

"ሁለት ቀይ ሆነ ማለት አይደለም?" አሉ ቄሰ ገበዙ።

"ሁለቱ ተቀላቅለው ሲገቡ ስሕተት ይመስላሉ፣ አባቴ። ለየራሳቸው ቦታ ሲሰጣቸው ግን ታስቦ እንደተደረገ ያስታውቃል። በጥለትም እንዲሁ ነው። የእመቤታችን ስም ሁሉ በአንዱ ይሁን፤ ለሟች ጸሎት የሚለመንበት በሌላው። ያየ ሰው ተጣፈ አይልም።"

ቄሰ ገበዙ ከአትሮንሱ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ከመጡ ጀምሮ መቀመጣቸው ነው። ቀንዱን አዘንብለው ወደ ውስጥ ተመለከቱ።

"ይህ ለስንት ስም ይበቃል?"

"ስንት ስም ኖሮዎት ነው?" አሉ መሪጌታ።

"በዚያ ነሐሴ ከደብራችን የሄዱት ዐሥራ አራት ናቸው። ከይስሐቅ ጋር ዐሥራ አምስት። ባዶው ቅጠል ላይ ቢገቡ፣ ተአምሩ በተነበበ ቁጥር ይታሰቡ ነበር።"

"ይበቃል፤ ይተርፋል።"

"እንግዲያስ ይጻፉ።" ቄሰ ገበዙ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እንደ ቅዳሴ ሳይሆን፣ እንደ ማንኛውም ሰው ቀስ ብለው የመጀመሪያውን ስም ጠሩ። "ሰውነት ፈንታው።"

ዓለምጸሐይ መሬቱን አየች። ቄሰ ገበዙ የልጃቸውን ስም ጠርተው ወደ ሁለተኛው አለፉ፤ ወደ ሦስተኛው፤ ድምፃቸው እስከ ዐሥራ አራተኛው አልተለወጠም። መሪጌታ መቃ ብርዑን እያጠቀሱ ጻፉ። ዐሥራ አምስተኛውን ማንም አልጠራላቸውም። ቅጠሉን ገልጠው፣ ባዶውን በጣታቸው ዳበሱና የተማሪያቸውን ስም ጻፉ። ሲጨርሱ ብርዑን ወዲያው አላነሡትም።

ሃይማኖት ከፀሐዩ ገለል ብላ የቀረውን ብራና አዘጋጀች። ሁለቱን ብርዖች አጥባ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አጋደመቻቸው፣ ቀንዱን በአንድ ወገን፣ ጠርሙሷን በሌላው። አሁን የቀረው ሰማንያ አንድ ባዶ ነው። ዛሬ የሚያልቅ አይደለም፤ ዓለምጸሐይ ማደሪያ ልትጠይቅ ወደ መንደሩ ወርዳለች።

መሪጌታ ያለ እህል ነው የዋሉት፤ እንደ ተማሪያቸው። የመጀመሪያውን ባዶ በግራ እጃቸው አመልካች ጣት ያዙና ቀኝ እጃቸውን ወደ ድንጋዩ ዘረጉ። እጃቸው ከሁለቱ ብርዖች በላይ አየር ላይ ቆመ።

"የትኛው ነው፣ ልጄ?"

ሃይማኖት የምትይዘው ሌላ ሥራ አልነበራትም። ቀና አለች። የቀንዱን ቀይ አየችው፤ የጠርሙሱን አየችው፤ ከዚያም ቅጠሉ ላይ እሱ የጻፈውን፣ ከላይ እስከ ታች፣ ስም በስም። መሪጌታ እጃቸውን ሳይመልሱ ጠበቋት። ፀሐዩ ከዋንዛው ቅርንጫፍ አንድ ጣት ያህል እስኪወርድ አየችው።

"ይኼኛው" አለች፣ በጠርሙሱ ወገን ያለውንም ብርዕ በጣታቸው መካከል አኖረችላቸው።

"አይተሽ ነው?"

"አይቼ ነው፣ መሪጌታ።"